«እጄ ደነዘዘ ብል መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል?»

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ሴት ነኝ። በግራ ጡቴ የተገኘው ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛል፤ ከብብቴም ንፍፊቶች ተወስደዋል። ከዚያ ቀዩን መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ኬሞ) 4 ዙር ጨርሼ አሁን በየሳምንቱ ፓክሊታክሴል የሚባለውን ሌላ ኬሞ እየወሰድኩ ነው። ከ12ቱ 8ኛውን ወስጃለሁ። ከ5ኛው ጀምሮ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙ ነበር፤ አሁን የእጄም ተጨመረ። ሌሊት ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፤ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ከእጄ አምልጦ ተሰብሯል። ለሐኪሜ ግን አልነገርኩትም። ብነግረው መድኃኒቱን ያቋርጥና ካንሰሩ ይመለስብኛል ብዬ ፈራሁ። አንዲት ወዳጄ «ለነርቭ ፍቱን ነው» ብላ ቢ ቫይታሚንና አሴቲል ካርኒቲን የሚባል እንክብል ሰጥታኛለች፤ ገና አልጀመርኩትም። ሌላው ጭንቀቴ እህቴ ናት። 38 ዓመቷ ነው፤ ጡትሽን ታዪ ስላት «ምንም አያመኝም» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ 9ኛውን ከመውሰድዎ በፊት ይናገሩ። የቀጠሮው ቀን እስኪደርስም አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ወደሚታከሙበት ክፍል ደውለው ለነርሷ ይንገሯት። በቀጠሮው ዕለት መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ተለክቶና ተበጥብጦ ነው የሚጠብቅዎ፤ ስለ መጠኑ መነጋገር የሚቀለው ከዚያ በፊት ነው።

ፍርሃትዎ የብዙ ታካሚ ፍርሃት ነው። እርስዎ የታየዎት ግን ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ እንዳለ መቀጠል ወይም ማቋረጥ። ሐኪሙ እጅ ላይ ያለው ምርጫ ከዚህ ይሰፋል። አንድ ሳምንት አሳልፎ መስጠት አለ። መጠኑን በአንድ አምስተኛ ገደማ መቀነስ አለ። ነርቭ ላይ ቀለል ወደሚለው የፓክሊታክሴል ዘመድ፣ ወደ ዶሴታክሴል፣ መቀየርም አለ። ማቆም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እሱም የሚወሰነው እስካሁን የወሰዱት (ከ12ቱ 8ቱ ሁለት ሦስተኛ ነው)፣ የዕጢው ዓይነትና መጠን፣ በንፍፊቶቹ ውስጥ የተገኘው ነገር ሁሉ ተመዝኖ ነው። ዝም ብለው ከቀጠሉ ግን ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል። ያለ ሰው ድጋፍ መራመድ ያቃታትን ታካሚ ሐኪም ሲያገኝ የሚቀረው ማቆም ብቻ ነው። እርስዎ የፈሩት ውጤት የሚመጣው በመናገር ሳይሆን በመደበቅ ነው።

ደግሞም ብቻዎን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በየሳምንቱ ፓክሊታክሴል ከወሰዱት ሴቶች 27 ከመቶ ያህሉ መካከለኛ ወይም ከዚያ የባሰ የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በ3 ሳምንት አንዴ ከወሰዱት ደግሞ 20 ከመቶ። ሐኪምዎ ይህን ወሬ ከእርስዎ የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት በደረጃ ይለኩታል። መጠነኛ መደንዘዝ ወይም የመውረር ስሜት ብቻ ሆኖ ሥራ ካልከለከለ 1ኛ ደረጃ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ስልክ መነካካት፣ ምግብ ማብሰል፣ መጻፍ ሲያስቸግር 2ኛ። መልበስ፣ መታጠብ፣ መጉረስ፣ ወደ መጸዳጃ መሄድ የሌላ ሰው እጅ ሲፈልግ 3ኛ። የእርስዎ የሸሚዝ ቁልፍና ሁለቱ ብርጭቆዎች የሚናገሩት 2ኛውን ነው። እርምጃ የሚወሰደውም እዚህ ላይ ነው፤ ዓላማው 3ኛው ላይ እንዳይደረስ ማድረግ ነው። ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ይደነዝዘኛል» አይበሉ። «ትንሽ» የሚለው ቃል በመዝገቡ ላይ 1ኛ ደረጃ ሆኖ ይጻፋል። «ቁልፍ መቆለፍ አልችልም፤ በሁለት ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ጣልኩ፤ ማቃጠሉ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል» ይበሉ። ሳምንቱን በእርስዎ ልክ አስተካክለው።

ከመደወልዎ በፊት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉ። በስንተኛው መድኃኒት ጀመረ? አሁን የት ደርሷል፤ ጣት ላይ ነው፣ የውስጥ እግር ነው ወይስ ቁርጭምጭሚት? ሁለቱም ጎን እኩል ነው? መድኃኒቱን በወሰዱ በማግሥቱ ብቻ ነው ወይስ ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም? ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ወድቀው ያውቃሉ? አንድ የምንወዳት ቀላል ዘዴ አለች። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ መደንዘዙ የሚያበቃበትን ቦታ እግርዎ ላይ በእስክሪብቶ አስምረው በስልክ ፎቶ ያንሱት። መስመሩ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት ሽቅብ ከወጣ ማንም ሊከራከርዎ አይችልም።

ለምን እግር ላይ ይጀምራል? ፓክሊታክሴል የሚሠራው በሕዋስ ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ነው። የካንሰር ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል እነዚህን ቱቦዎች እየሠራና እያፈረሰ ነው የሚከፈለው፤ መድኃኒቱ ቱቦዎቹን ያደነድንና እንዳይፈርሱ ያደርጋል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ነርቭ አይከፈልም። ነገር ግን እነዚያኑ ቱቦዎች እንደ ባቡር ሐዲድ ይጠቀምባቸዋል፤ ምግብና ጥገና ከሕዋሱ እምብርት እስከ ጫፉ የሚጓዘው በእነሱ ላይ ነው። ሐዲዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚራበው የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው ነርቭ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅሙ እሱ ነው፤ ቀጥሎ የእጅ ይመጣል። ለዚህም ነው ጉዳቱ በሁለቱም ጎን እኩል፣ ካልሲና ጓንት እንዳጠለቁ ሆኖ የሚሰማው።

የመዳኑ ዝግታም ከዚሁ ይመነጫል። የተጎዳ የነርቭ ክር ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 20 ሴንቲሜትር ለመመለስ ወደ 7 ወር ይፈጃል፤ ያውም ነገሩ ከተቃና። አብዛኞቹ ሴቶች መድኃኒቱ ካበቃ በኋላ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ የተወሰኑት ላይ ግን መደንዘዙ ለዓመታት ይቆያል። ጉዳቱ በጠና ቁጥር የመቆየት ዕድሉም ስለሚጨምር ነው ሳይዘገዩ ይናገሩ የምንለው። ከፓክሊታክሴሉ ጋር ካርቦፕላቲን የሚባል የፕላቲነም ኬሞ የሚሰጥዎ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ በፕላቲነም መድኃኒቶች የሚመጣው ጉዳት ሕክምናው ካለቀ በኋላም 2 ወይም 3 ወር ሊብስ ይችላል። ያኔ «ካንሰሩ ተመለሰ» ብለው እንዳይደነግጡ።

መድኃኒቱ ብቻውን ላይሆንም ይችላል። የስኳር ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ብዙ አልኮል፣ ኤችአይቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ፤ እነዚህ ሁሉ ነርቭን በራሳቸው ይጎዳሉ፤ ኬሞው ሲጨመር ይባባሳል። ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ለምርመራ ደም ሲሰጡ ስኳር፣ ቢ12 እና ታይሮይድ አብረው እንዲታዩ ይጠይቁ። ከተገኘባቸው ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች ናቸውና።

መደንዘዝ ሁሉ ግን የኬሞ አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ጎን የላይኛው ክንድ የውስጥ ወገን ብቻ ከደነዘዘ፣ ከብብት ንፍፊት ሲወጣ የተነካች ትንሽ የቆዳ ነርቭ ናት። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ብቻ እየደነዘዙ ካስነሡዎት በእጅ አንጓ ላይ የተጨነቀ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በኋላ እንደ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ያሉ የሆርሞን መድኃኒቶች ሲጀመሩም ይታያል። ግራ ክንድዎ ከብዶና አብጦ ቀለበት ወይም እጅጌ ከጠበበዎ የሊምፍ ፈሳሽ መጠራቀም ነውና ለብቻው ይታከማል። መድኃኒቱን በወሰዱ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ የሚመጣው፣ ጭንንና ወገብን የሚቀጠቅጠው፣ በሳምንት ውስጥ የሚለቀው ሕመምም ሌላ ነው፤ ፓክሊታክሴል የሚያስከትለው ቢሆንም ከመደንዘዙ ለይተው ይንገሩ።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸውም አሉ። አዲስና እየጠነከረ የሚሄድ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር፣ በሁለት ጭን መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፤ ይህ የኅብለ ሠረሰር መጨቆን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ፊት በአንድ ጎን ሲጣመም ወይም አንድ ጎን እጅና እግር በድንገት ሲከዳም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወዳጅዎ እንክብሎች እንምጣ። በቅን ልብ እንደሰጠችዎ አንጠራጠርም፤ አሴቲል ካርኒቲኑን ግን አይጀምሩት። ይህ ነገር በሚገባ ተፈትኗል፤ ያውም እንደ እርስዎ የጡት ካንሰር ባለባቸውና የታክሴን መድኃኒት (የፓክሊታክሴልን ወገን) በሚወስዱ ሴቶች ላይ። 409 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 3,000 ሚሊግራም አሴቲል ካርኒቲን፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ለ24 ሳምንት ወሰዱ። በ24ኛው ሳምንት የነርቭ ጉዳቱ የባሰው አሴቲል ካርኒቲኑን በወሰዱት ላይ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ እንክብሉ ግን ዛሬም «ለነርቭ» እየተባለ ይሸጣል።

የቢ ቫይታሚኑን ዕቃ ገልብጠው ያንብቡ። የሚፈልጉት ቢ6 የሚለውን መስመር ነው፤ ፒሪዶክሲን ተብሎም ይጻፋል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1.3 እስከ 1.7 ሚሊግራም ነው። በገበያ ላይ ካሉት አንዳንዱ በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊግራም ይይዛል፤ ከሚያስፈልገው ከ50 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቢ6 በዚህ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የእጅና የእግር ስሜትን ያደነዝዛል። ሊያድን የታሰበውን ያንኑ ነርቭ ይጎዳል ማለት ነው። ቢ12 የሚጠቅመው ደምዎ ውስጥ ማነሱ ከታወቀ ነው። ሁለቱንም ዕቃዎች ሳይከፍቱ ለነርሷ ያሳዩ።

ታዲያ የሚሠራ መድኃኒት የለም? ለሕመሙ አንድ አለ። ዱሎክሴቲን ይባላል። ለድብርት የሚሰጥ ነው፤ ሲታዘዝልዎ «ጭንቀታም መሰልኳቸው» ብለው እንዳይከፉ፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት ስለሚያረግብ ነው የሚሰጠው። በተፈተነበት ጥናት ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 30 ሚሊግራም፣ ከዚያ ለ4 ሳምንት 60 ሚሊግራም ተሰጥቶ፣ ከወሰዱት 59 ከመቶ ሕመሙ ቀንሶላቸዋል፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 38 ከመቶ። ልዩነቱ አለ፤ ተአምር ግን አይደለም። የሚረዳው ማቃጠሉንና ውጋቱን ነው፤ የደነዘዘውን ጣት አይቀሰቅስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ የአፍ መድረቅና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይታያል። በድንገት አይቋረጥም፤ መጠኑ እየቀነሰ ነው የሚቆመው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ወይም የጉበት ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከኬሞው በኋላ ታሞክሲፌን የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ሊጀመርልዎ ይችላል። ታሞክሲፌን ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ጉበት ውስጥ በአንድ ኢንዛይም ተቀይሮ ነው፤ ዱሎክሴቲን ያንን ኢንዛይም በከፊል ይገታዋል። ሁለቱ አብረው እንዲታዘዙ ከመስማማትዎ በፊት «ይህ ከታሞክሲፌን ጋር ይስማማል?» ብለው ይጠይቁ። ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ጥያቄውን ያውቁታል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ለዚህ ችግር በብዛት ይታዘዛሉ፤ ለስኳር ነርቭ ሕመም ይጠቅማሉ፤ በኬሞ ለመጣው ጉዳት ግን ያላቸው ማስረጃ ደካማ ነው። ከታዘዙልዎ ሞክረው ለውጥ ካላዩ ይናገሩ፤ እንቅልፍና መንገዳገድ ስለሚያመጡ ያለ ጥቅም መሸከም አያስፈልግም።

ለቀሩት 4 ዙሮች መከላከያ ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ቅዝቃዜና ጭመቃ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ በሚገባበት ሰዓት ወደ ጣቶች የሚሄደው ደም ከቀነሰ ጣት ላይ የሚደርሰውም መድኃኒት ይቀንሳል። የቀዘቀዘ ጓንትና ካልሲ መድኃኒቱ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ይጠለቃል፣ በሚፈስበት 1 ሰዓት ይቆያል፣ ካበቃ በኋላ 15 ደቂቃ ይጨመራል፤ በመሐል ስለሚሞቅ ይቀየራል። ጭመቃው ደግሞ ከእጅ ልክ በአንድ ቁጥር ያነሰ የቀዶ ሕክምና ጓንት ሁለት ደርቦ፣ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ማድረግ ነው። ጥናቶቹ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ወደ መልካም ያዘነብላል። የደረሰውን ጉዳት አይመልሱም፤ ሊቀንሱ የሚችሉት የሚጨመረውን ነው።

እንደ እርስዎ አስቀድመው የደነዘዙ ጣቶች ላላት ሴት ግን ቅዝቃዜው አደጋ አለው። በረዶ ቆዳን ሲያቃጥል የሚያስጠነቅቀው ስሜት ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ነርስ በየመሐሉ ጓንቱን አውጥታ የቆዳውን ቀለም ካላየች ቢቀር ይሻላል። በብርድ ጣቶችዋ ነጭ የሚሆኑባት ሴት ጨርሶ አትሞክረው። ግራ እጅዎን በተመለከተ ከብብትዎ ንፍፊት ስለወጣ፣ ጠባብ ጓንት ከማጥለቅዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። እኛ ብንሆን መጀመሪያ ስለ ጭመቃው ነበር የምንጠይቀው።

እንቅስቃሴ ደግሞ በጣም የሚናቅ ሕክምና ነው። በኬሞ ወቅት ለ6 ሳምንት የእግር ጉዞና ቀላል የጡንቻ ሥራ የሠሩ ታካሚዎች መደንዘዙና የሙቀት ቅዝቃዜ ስሜቱ ካልሠሩት ይልቅ ቀሎላቸዋል። ዘዴው ውስብስብ አይደለም። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ጠርዝ ይዘው ይቁሙ። ሁለቱን እግር አጋጥመው 30 ሴኮንድ። ቀጥሎ አንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርገው 30 ሴኮንድ። ሲለምድዎ በአንድ እግር። ከዚያ በጣቶችዎ ላይ ተነሥተው መውረድ፣ 10 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር። ተቀምጠው ደግሞ ወለል ላይ የተነጠፈ ፎጣ በእግር ጣት መሰብሰብ። ለእጅ፣ ሳንቲምና ቁልፍ ከሳህን ላይ አንድ በአንድ ማንሳት፤ መጀመሪያ እያዩ፣ በኋላ ዓይን ጨፍነው። መጀመሪያ አካባቢ ሰው አጠገብዎ ይቁም። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻሉ ሁለት ሦስት ጊዜ መሄድ በቂ ነው፤ ቀሪው የቤት ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። የመታጠቢያ ውኃ በእጅ ጣት አይፈተንም፤ በክርን ወይም በቴርሞሜትር ነው፤ የውኃ ማሞቂያው ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይሁን። ለሚያቃጥል እግር ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አያስጠጉ፤ ሳይሰማዎ ውኃ ይቋጥራል። ምድጃ ላይ ሲሠሩ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ የጋለ ዕቃ በሁለት እጅ እንጂ በአንድ አይነሣም። ብርጭቆውን እጀታ ባለው ፕላስቲክ ኩባያ ይቀይሩት።

ከዚያ እግር። ባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ይቅር። ተረከዙ የተዘጋ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ወለሉ የማያንሸራትት ጫማ ይምረጡ፤ ከማድረግዎ በፊት እጅ ከትተው ሳይሆን ገልብጠው ያራግፉት፤ እጅዎም ጠጠሩን ላይለየው ይችላልና። ማታ ማታ የውስጥ እግርዎን በመስተዋት ይዩ። የተላጠ፣ የቀላ፣ ውኃ የቋጠረ ካለ ያጥቡትና ይሸፍኑት። ኬሞ ላይ እያሉ ትንሽ ቁስልም ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሙቀት መጠንዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ያንሡ፤ ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ የማይጠፋ መብራት ይኑር፤ በጨለማ ሚዛንን የሚጠብቀው የእግር ስሜት ነውና። መኪና የሚነዱ ከሆነ ፍሬኑን መርገጥዎ በደንብ እስኪሰማዎ ድረስ መሪውን ለሌላ ይስጡ። ለቁልፉ ችግር ቁልፍ የሚስብ ትንሽ የሽቦ መንጠቆ አለ፤ ካልተገኘ ለጊዜው በራስ የሚጠለቅ ልብስ ይበቃል።

ስለ እህትዎ። «አያመኝም» የሚለው መልሷ ያሳስበናል፤ ያላመመ ሁሉ ደህና አይደለም። የጡት ካንሰር እብጠት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ጠንካራ፣ ዳሩ ያልተስተካከለና የማይንሸራተት መሆን ይቀናዋል። እብጠት የሌለበትም አለ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲጎደጉድ፣ ጡቱ በድንገት ቀልቶና ግሎ ሲያብጥ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቅርፊት ሲወጣ፣ ከአንድ ጡት ብቻ ደም ያለው ፈሳሽ ሲመጣ፣ ብብት ውስጥ ጓጓላ ሲገኝ። ጡቱ ሲቀላ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ሊሰጣት ይችላል፤ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ካልለቀቀ ሌላ አንቲባዮቲክ ሳይሆን ምስልና ናሙና ነው የሚያስፈልጋት።

እርስዎ እህቷ ስለሆኑ የእሷ ዕድል የቅርብ ዘመድ ካልታመመባት ሴት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ብዙ ሐኪሞች የሚከተሉት ልማድ ዘመድ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ምርመራ መጀመር ነው። እርስዎ በ47፣ ስለዚህ እሷ በ37፤ አንድ ዓመት አልፏታል። ሐኪም በእጅ ይመርምራት፣ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ትነሣ፣ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ አልትራሳውንድ ይጨመር። ከዚህ የሚቀድም ግን የእርስዎ ድርሻ አለ። ካንሰሩ ከ50 ዓመት በፊት ስለተገኘብዎ፣ ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 የሚባሉት፣ ሲለወጡ የጡት ካንሰርን ዕድል የሚጨምሩት ጂኖች መመርመር ይገባኝ እንደሆነ ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ምርመራው መጀመር ያለበት ከታመመችው ነው፤ በእርስዎ ላይ የተገኘ ለውጥ ካለ እሷ ላይ ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል። በአባት ወገን ያሉትንም አክስቶች ይቁጠሩ፤ ጂኑ በአባትም ይወረሳል። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ከ100 የጡት ካንሰር 1 ያህሉ የወንድ ነው። እርስዎም ሕክምናው ሲያበቃ በየዓመቱ ማሞግራፊ አለብዎ፤ ስለ እህትዎ ሲያስቡ የራስዎን እንዳይረሱ።

በራስ እጅ መፈተሽን በተመለከተ እውነቱን ለእህትዎ ይንገሯት። ሻንጋይ ውስጥ 266,064 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት በየወሩ ራስን መፈተሽ መማር ብቻውን በጡት ካንሰር መሞትን አልቀነሰም። ስለዚህ የማሞግራፊ ምትክ አይደለም። ጥቅሙ የራሷን ጡት አዘቦት መልክ ማወቋ ነው፤ የተለወጠው የሚታወቀው የነበረውን ለሚያውቅ ነው። የወር አበባዋ ከጀመረበት ቀን ከ7 እስከ 10 ባለው ጡቷ ስለሚለሰልስ ያኔ ትመልከት። መስተዋት ፊት እጇን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወገቧ ላይ አድርጋ። ከዚያ ተኝታ፣ በሦስት ጣቶች ለስላሳ የውስጥ ጫፍ፣ ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ሥር፣ ከብብት እስከ ደረት መሐል፣ ወደ ላይና ወደ ታች፤ አንዴ ቀለል፣ አንዴ ጫን፣ አንዴ ጠበቅ አድርጋ። በወጣት ሴቶች የሚገኘው እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ መንካት አይደለም።

ስለዚህ ነገ ለነርሷ ከደወሉ በኋላ ስልኩን ሳያስቀምጡ ለእህትዎ ይደውሉላት። «ያምሻል ወይ?» የሚለውን ትተው «የወር አበባሽ መቼ ጀመረ?» ብለው ይጠይቋትና ቀኑን አብረው ይቁጠሩ።